ያለ ገመድ የመጣ መልስ

አሰግድ ሱቁን የሚከፍተው ሁልጊዜ በአንድ ሥርዓት ነበር። ቁልፉን ያዞራል፤ የቆርቆሮውን በር በትከሻው ገፋ አድርጎ ይገባል፤ መብራቱን ያበራና ጠረጴዛው ላይ ያደረውን እርጥበት በጨርቅ ይወለውላል። ደብረ ሲና ላይ በክረምት እርጥበት የማይሰፍርበት ነገር የለም። ከጣርማ በር የሚወርደው ጭጋግ ጠዋት ጠዋት መንገዱን ይሞላዋል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ የቤት ሰው ይመስል በየበሩ ስንጥቅ ይገባል። ቆሎ ሻጮቹ እንኳ መኪና መድረሱን የሚያውቁት በዓይናቸው ሳይሆን በጆሯቸው ነው። ብረት ለሚዝግበት፣ ሽቦ ለሚሻግትበት የኮምፒውተር ጥገና ሥራ ይህ አገር አይመችም፤ አሰግድ ግን እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ ነውና ለምዶታል።

ያልለመደው ከጠረጴዛው ማዶ ያለውን ባዶ ወንበር ነው።

ወንበሩ የአምሃ ነበር። ሱቁን ሁለቱ በእኩል ከፈቱት፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሠሩ፤ ከአንድ ሳህን በሉ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሐምሌ ወር፣ አምሃ የተሳፈረበት ሚኒባስ ጣርማ በር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መንገዱን ስቶ ገደል ገባ። ተሳፋሪው ሰባት ነበር። የስድስቱን አስከሬን በገመድ ጎትተው አወጡት። ሰባተኛው አምሃ ነው፤ እሱ አልተገኘም። የአገሩ ጎልማሳ ለሁለት ሳምንት ያህል ቁጥቋጦውን ሲገላልጥ ሰነበተ። ጫማው አልተገኘም፤ ላፕቶፑን የያዘበት የጀርባ ቦርሳም አልተገኘም። እናቱ ልብሱን አልጋ ላይ ዘርግተው በልብሱ ላይ አለቀሱለት።

በዚያ ለቅሶ ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ እናትየው «ልጄ ወዴት ሲሄድ ነበር? በዚያ ጭጋግ ምን አስቸኮለው?» እያሉ ደረታቸውን ሲመቱ፣ አሰግድ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። መልሱን የሚያውቀው እሱ ብቻ እንደሆነ ያምን ነበር። ነገ እነግራቸዋለሁ አለ። አርባው አለፈ፣ ሙት ዓመቱ አለፈ፣ ነገ ግን አልመጣም።

በነሐሴ አጋማሽ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ እኚህ እናት፣ እትዬ ፈትለወርቅ፣ ሱቁ በር ላይ ቆሙ። ነጠላቸው በጤዛ ረጥቧል። ድሮ፣ ስልክ በእጅ ይገናኝ በነበረበት ዘመን፣ የከተማዋ ስልክ አገናኝ ነበሩ፤ ከሥራ ከወጡ ብዙ ዓመት ቢሆንም አነጋገራቸው እስከ ዛሬ ቀስ ያለና የጠራ ነው።

«አሰግድ፣ ቤት ያለውን የአምሃን ኮምፒውተር ልታይልኝ ትችላለህ?»

«ምን ሆነ እትዬ?»

«መስመር የሚቀበልበት ዕቃው በመብረቅ ተቃጥሎ የለ? ልጄ ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው ነው የተቃጠለው። አዲሱን አስገባልኝ። ጎረቤት የኢንተርኔት መስመር አስገብተዋል፤ ከእነሱ በገመድ እንድትስብልኝ ለልጃቸው ነግሬያታለሁ፤ ነገ ትስብልኛለች።»

አሰግድ ኮምፒውተሩ ምን ሊያደርግላቸው እንደሆነ መጠየቅ ፈለገ። እትዬ ፈትለወርቅ ኮምፒውተር መክፈት እንኳ አያውቁም። ሴትየዋ ግን ሳይጠይቃቸው መለሱለት።

«እኔ መስመር አገናኝ ነበርኩ፤ ታውቃለህ። መስመሩ የተቆረጠበት ሰው ወዲያው አይዘጋም። በዚያኛው ጫፍ ሆኖ ‹ሃሎ፣ ሃሎ› ሲል ይቆያል። እኔ ያንን ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ።»

አሰግድ መደርደሪያውን ከፍቶ ከታችኛው ሣጥን አንድ የኔትወርክ ካርድ አወጣ። መዳፍ የምታህል አረንጓዴ ሰሌዳ ናት፤ በአንድ ጠርዟ ወርቃማ ጥርሶች ተደርድረዋል፤ በሌላው በኩል ገመድ የሚሰካባት አራት ማዕዘን ቀዳዳና ሁለት ጥቃቅን መብራቶች አሏት። አምሃ ራሱ ለቤቱ ብሎ ያስመጣት ናት፤ ካርቶኗ ላይ በእስክሪብቶ «የኔ» ብሎ ጽፎባታል። አሰግድ ጽሑፉን በአውራ ጣቱ ሸፍኖ ካርቶኗን ኪሱ ውስጥ ከተታት።

ቤቱ ከአስፋልቱ በላይ፣ ከተማው አልቆ የጥዱ ደን ከሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ነው። ሲደርሱ አራት ሰዓት ቢሆንም ጭጋጉ አጥሩን ውጦታል፤ ብርሃኑም የንጋት ይሁን የምሽት የማይለይ፣ አመድ የመሰለ ነበር። ጎረቤት ያለው ውሻ ወትሮ አሰግድን ሲያይ ጩኸቱን ያቀልጠው ነበር፤ ዛሬ ጣራው ሥር ኩርምት ብሎ፣ አፍንጫውን ወደ ተራራው አዙሮ፣ ትንፍሽ አላለም።

የአምሃ ክፍል እንደተተወ ነው። አልጋው ተነጥፏል፤ ትራሱ ተነፍቶ ተቀምጧል፤ የኮምፒውተሩን መስታወት ነጭ ዳንቴል ሸፍኖታል። ከአልጋው ሥር ማንም ያልነካው የላስቲክ ጫማ አለ። ክፍሉ ግን የተዘጋ ቤት ሽታ አልነበረውም። አሰግድ በሩ ላይ ቆም ብሎ አሸተተ፤ የእርጥብ አፈር፣ የተሰበረ የጥድ ቅርንጫፍ፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ ቀጭን ክር የምትመጣ የናፍጣ ሽታ።

«ይከፍቱታል እንዴ መስኮቱን?»

«ሁለት ዓመቱ ከተዘጋ» አሉ እትዬ ፈትለወርቅ ከሳሎኑ። ከዚያ ውሃ ሲቀዳና ምድጃ ላይ ድስት ሲጣድ ተሰማ።

አሰግድ ሶኬቱን ነቀለ፤ የኮምፒውተሩን ሣጥን፣ ኬዙን፣ ወደ ብርሃኑ አዞረና የጀርባውን ብሎኖች በካቻቢቴው አንድ በአንድ ፈታ። ሁለት ዓመት ተሸፍኖ የቆየ ኮምፒውተር ሲከፈት ምን እንደሚገኝ ጠንቅቆ ያውቃል፤ አቧራ ነው፣ እንደ ጥጥ የተጋገረ አቧራ፣ አንዳንዴም የሸረሪት ቤት። ብሩሹን አዘጋጅቶ የጎኑን ቆርቆሮ ሲያነሣው ግን አንዲት የአቧራ ቅንጣት አልነበረችም። ውስጡ ርሷል። በቆርቆሮው የውስጥ ገጽ ላይ ጭጋግ ጤዛ ሆኖ ነጠብጣብ ሠርቷል፤ ከገመዶቹ አንዱ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ፣ አሰግድ እያያት፣ ጠብ አለች።

ክረምት ነው አለ በልቡ። ቤቱ ጠርዝ ላይ ነው አለ። በደረቅ ጨርቅ ጠራርጎ፣ በፀጉር ማድረቂያ እንደሚያደርጉት በአፉ ትንፋሽ እፍ እፍ ብሎ አደረቀው፤ ትንፋሹ በነሐሴ ቀን እንደ ጭስ ነጭ ሆኖ ሲወጣ አየና እፍ ማለቱን ተወ።

ካርዷን ከቦታዋ ማስገባት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ጥርሶቿን ከዋናው ሰሌዳ፣ ከማዘርቦርዱ፣ ስንጥቅ ጋር አስተካክሎ በሁለት አውራ ጣቱ ጫን አለ፤ ቀጭ ብላ ገባች፤ በአንድ ብሎን አሰራት። ቆርቆሮውን መልሶ ሶኬቱን ሰካና አበራ። ማቀዝቀዣው ዞረ፤ መስታወቱ ላይ ብርሃን መጣ፤ የአምሃ ሥዕሎችና ሰነዶች እንደ ተኛ ሰው ዓይን ቀስ ብለው ተገለጡ። ካርዷን የሚያሠራውን፣ በፍላሽ ያመጣውን ድራይቨር ጫነ፤ ለካርዷ የአድራሻ ቁጥር ሰጣት፤ ሁሉም ያለ እንከን ሄደ።

የዚህ ሥራ ሰዎች አንድ ቀላል መፈተኛ አላቸው። ጥቁር ገጽ ይከፍቱና የአንድን ኮምፒውተር አድራሻ ጽፈው ይጠሩታል። ያኛው ካለ «አለሁ» ብሎ ይመልሳል፤ መልሱ ለመድረስ የፈጀበትም ጊዜ በሰከንድ ሽራፊ ተቆጥሮ ይጻፋል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን መንገዱ አጭር ነው። አሰግድ መጀመሪያ ራሷን ካርዷን ጠራት፤ ወዲያው መለሰች። ሥራው እዚህ ላይ አልቋል፤ ገመዱ ገና አልተሳበምና ሌላ የሚጠራ ነገር የለም። ጣቶቹ ግን ስድስት ዓመት የለመዱትን ሠሩ። ሱቅ ውስጥ ጠዋት ጠዋት መስመሩን የሚፈትነው የአምሃን ላፕቶፕ በመጥራት ነበር፤ ያንን ከባለቤቱ ጋር ገደል የገባውን፣ ያልተገኘውን። መጨረሻው ሠላሳ አንድ የሆነውን ያንን ቁጥር ጻፈና፣ ምን እንዳደረገ ሳይታወቀው፣ ቁልፉን ተጫነ።

ጥቁሩ ገጽ ለአፍታ ባዶ ሆኖ ቆየ። ከዚያ አንድ መስመር ጻፈ።

መልስ ደረሰ። 3912።

አሰግድ ፊቱን ወደ መስታወቱ አስጠጋ። ሁለተኛው መስመር መጣ። 3874። ሦስተኛው 3820 ይላል።

ተነሥቶ የኬዙን ጀርባ አየ። የገመድ ቀዳዳው ባዶ ነው። ካርዷ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ግን ትርገበገባለች፤ ትበራለች ትጠፋለች፣ ትበራለች ትጠፋለች፣ እንደሚያለከልክ ሰው። ካርድ ሲበላሽ እንዲህ ያደርጋል ብሎ ለራሱ ነገረው፤ በአሥራ አንድ ዓመት ሥራው እንዲህ ሲያደርግ ግን አይቶ አያውቅም። ገጹን ዘጋው። ገጹ ተመልሶ ተከፈተ። 2960። የኮምፒውተሩ ቅንብር ውስጥ ገብቶ ካርዷን አጠፋት፤ ኮምፒውተሩ ራሱ «ጠፍታለች» ብሎ አረጋገጠለት። 2411። የማቀዝቀዣው ድምፅም መለወጥ ጀመረ፤ ቀድሞ የንብ ድምፅ ነበር፤ አሁን ወፍሯል፤ በከባድ ማርሽ ቁልቁለት የሚወርድ፣ እየታነቀ የሚያጉረመርም የመኪና ድምፅ መስሏል።

«መለሰ?»

አሰግድ በድንጋጤ ዞረ። እትዬ ፈትለወርቅ በሩ መቃን ላይ ተደግፈው ቆመዋል። ፊታቸው ላይ ፍርሃት የለም፤ ያለው እሱን የሚያስፈራ ሌላ ነገር ነው፤ አንዲት የስልክ አገናኝ ሥራዋ ላይ ሆና፣ ማዶ ያለውን ድምፅ ስትጠብቅ የሚኖራት ያ የተሰበሰበ ዝምታ።

«ማን ነው የሚመልሰው እትዬ? ገመድ የለውም እኮ።»

«ቀረበ ወይስ ራቀ?»

አሰግድ ጎንበስ ብሎ ሶኬቱን ከግድግዳው መነጨቀው።

መስታወቱ ጠቆረ። ማቀዝቀዣው ሁለት ሦስቴ ዞሮ ቆመ። በክፍሉ ውስጥ አንድም የሚንቀሳቀስ ነገር አልቀረም፤ ከኬዙ ጀርባ ግድግዳው ላይ ያረፈችው አረንጓዴ ነጸብራቅ ብቻ፣ አሁን ይበልጥ እየፈጠነች፣ ትርገበገባለች። የመኪናው ድምፅም አልቆመም። ከኮምፒውተሩ አልነበረም ማለት ነው። ከውጭ ነበር፤ ከላይ፣ መኪና መንገድ ከሌለበት ከጥዱ ደን፣ በጭጋጉ ውስጥ፣ እየወረደ።

አሰግድ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የተነጠፈው ብርድ ልብስ ከሥሩ ርጥብ ነበር። እትዬ ፈትለወርቅ ወደ ምድጃው ተመልሰው ድስቱን አወረዱ፤ የሞቀውን ውሃ ገንዳ ላይ ገለበጡና ገንዳውን በሩ አጠገብ አኖሩት፤ በላዩም ደረቅ ፎጣ ደረቡበት። በእግሩ ብዙ የተጓዘ ሰው ሲመጣ የሚደረገውን ሁሉ፣ ሳይቸኩሉ፣ አደረጉ። ያ ደረቅ ፎጣ ነው አሰግድን የሰበረው።

«እትዬ» አለ። «የላክሁት እኔ ነኝ።»

ሴትየዋ ከገንዳው ቀና አላሉም።

«ደብረ ብርሃን፣ አንድ ማኅበር ቢሮ፣ አምስት ኮምፒውተር በኔትወርክ ሊያያዝለት ነበር። ተራው የኔ ነበር። ደወልኩለትና አንተ ሂድልኝ አልኩት። በለቅሶው ቀን ሲጠይቁ ሰምቻለሁ፤ አፌን ያዘኝ። ሁለት ዓመት…» ድምፁ ተቆረጠ።

«አውቃለሁ» አሉ እትዬ ፈትለወርቅ።

«ያውቃሉ?»

«ስልኩን ያነሣው አንተ የተቀመጥክበት ላይ ሆኖ ነው። ካልሲውን እያቀበልኩት ነበር። ‹አሰግድን አሞታል፣ እኔ ልድረስለት› አለኝ።» ወደ እሱ መጥተው ራሱ ላይ እጃቸውን አኖሩ፤ እጃቸው ሞቃትና ርጥብ ነው። «አልቀየምኩህም። የታመመ ሰው ምን ያደርጋል? ወሬው ሲመጣ ላንተ አጥሚት ሠርቼ ልወጣ ስል ነበር። ለቅሶው ላይም የጠየቅሁት አንተ ራስህ እንድትነግረኝ ነበር። ትነግረኝ ይሆናል እያልኩ ጠበቅሁህ፤ ሌላ አይደለም።»

አሰግድ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሴትየዋ ራሱን ዳሰሱት፤ ከዚያ ለማጽናናት ያህል፣ ምንም ሳያስቡት፣ ጠየቁት።

«ምንህን ነበር ያመመህ?»

መዋሸት ይችል ነበር። ወገቤን ማለት ይችል ነበር፣ ብርድ ነው ማለት ይችል ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚቀርበውን ሁሉ ሲዋሽ ኖሯል። ግን የመኪናው ድምፅ አጥሩ አጠገብ ደርሶ ነበር፤ በዚያ ድምፅ ፊት ምላሱ አልታዘዘውም።

«ምንም» አለ። «አላመመኝም። ጭጋጉን በመስኮት አየሁትና መነሣት አስጠላኝ። ስልኩን ዘግቼ ተመልሼ ተኛሁ።»

እጃቸው ራሱ ላይ ቆመ። ለረጅም ጊዜ እዚያው ቆየ፤ ቀስ በቀስ ሙቀቱ ሲጠፋ ተሰማው። ከዚያ አነሡት።

ውጭ የሞተሩ ድምፅ ተንተክትኮ ቆመ። የሚንሸራተት በር ሲከፈት ተሰማ፤ ቀጥሎም ኮረኮንቹ ላይ እግር፤ አንዱ ይረግጣል፣ ሌላው ይጎተታል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ጫማ ውስጥ የሞላ ውሃ ይጨመቃል። የጥድና የናፍጣው ሽታ ቤቱን ሞላው። ግድግዳው ላይ የምትርገበገበዋ አረንጓዴ ብርሃን ድንገት መርገብገቧን ትታ ሳትጠፋ ቆመች። በሩ ሦስት ጊዜ፣ በትሕትና፣ በጣት አንጓ ተንኳኳ።

እትዬ ፈትለወርቅ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሁለት ዓመት የጠበቁትን ያን በር ከፈቱት።

አሰግድ ከአልጋው ሆኖ የሚያየው የእርሳቸውን ጀርባና በትከሻቸው ላይ የሚፈሰውን ነጭ ጭጋግ ብቻ ነበር። ከጭጋጉ ውስጥ የአንድ ረጅም ሰው ትከሻ ይታያል፤ አንገቱ መሆን ወደማይገባው ጎን ያዘነበለ። ቦርሳው ከጀርባው አልወረደም።

«እማማ» አለ የአምሃ ድምፅ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጭጋጉ መንገድ አሳስቶኝ ነው። የደብረ ብርሃን መንገድ በየት በኩል ነው?»

አምሃ እናቱን «እምዬ» እንጂ አንድ ቀን እንኳ «እማማ» ብሎ ጠርቷቸው አያውቅም። መንገድ ዳር ያገኛቸውን፣ የማያውቃቸውን አሮጊት እንደሚጠራ ነው የጠራቸው። የእትዬ ፈትለወርቅ ትከሻ ቀስ ብሎ ወረደ። በመቃኑ ላይ ያለው እጃቸው እንጨቱን እስኪቧጥጥ ድረስ ያዘ።

«ግባና እግርህን ታጠብ ልጄ» አሉ። «ውሃ አሙቄልሃለሁ።»

«አይ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይጠብቁኛል። ብዙ ቤት አንኳኳሁ፤ የሚከፍትልኝ ጠፋ።»

«የምትመለስለት ሰው የለህም? እናት የለህም?»

ውሃ ከልብሱ ላይ ደፉ ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማል። የሚያስብ፣ ለማስታወስ የሚታገል ሰው ዝምታ ነበር፤ አሰግድ በሕይወቱ እንደዚያ ያለ የሚያሳዝን ነገር ሰምቶ አያውቅም።

«አላውቅም እማማ» አለ ድምፁ በመጨረሻ። «ጓደኛዬ ታሞብኝ ነው የምሄደው። በሱ ፈንታ ነው። ሥራውን ሳልጨርስ መመለስ አልችልም፤ መንገዱን ደግሞ የሚያውቀው እሱ ነው።»

እትዬ ፈትለወርቅ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሁለት ሰዎችን ሲያገናኙ እንደኖሩበት፣ በዚያ ቀስ ባለና በጠራ ድምፅ፣ «ጓደኛህ ተሽሎታል ልጄ፤ እዚሁ ነው ያለው» አሉት። ከዚያም በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ዞሩ፤ ዓይናቸው እንባ አልነበረበትም፣ ቁጣም አልነበረበትም፤ ጎረቤትን ለቀላል ጉዳይ እንደሚልኩ ሁሉ፣ «በል አሰግድ፣ ተነሥ ልጄ፤ ጭጋጉ ሳይብስ አድርሰው» አሉ።